ማስተርሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ወንበርሽን ቀይሪ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 27 ነው። ከእህቴና ከባሏ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ ከተማው ዳር ባለ አንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ክፍያ ነው። ቫውቸር እቆርጣለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ ፋይል አስራለሁ። አሁን የአክስቴ ልጅ ‹ባንክ ክፍት ቦታ አለ፣ ላስገባሽ› አለኝ፤ ደመወዙ ከእኔ ይሻላል። እኔ ግን የምመኘው በከተማ ፋይናንስና በፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ መማር ነው። የእህቴ ባል ‹ማዘጋጃ ቤት ምን ኤክስፐርት ያስፈልገዋል? እዚያው አርጅተሽ ልትቀሪ ነው› እያለ ይስቅብኛል። እውነት ይሄ ሙያ እኛ አገር ሰው ያድግበታል? ወይስ ባንኩን ልያዝ? ደግሞ ለተሻለ ቦታ ስወዳደር ‹ልምድሽ አግባብነት የለውም› እያሉ ይጥሉኛል። ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ።»

እህቴ፣ ከእህትሽ ባል ልጀምር፤ ሰውዬው ግማሹን ልክ ነው። ክፍያ ላይ የተቀመጠ ሰው እዚያው ያረጃል። ሥራው በአንድ የበጀት ዓመት ይታወቃል። ሐምሌ ላይ ጀምረሽ ሰኔ ላይ ሂሳብ ከዘጋሽ ዙሩን አይተሽዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ድግግሞሽ ነው። የሂሳብ መደብ ቁጥሮቹን፣ 6111 ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅ፣ 6231 ውሎ አበል፤ አሁን እንቅልፍሽ ውስጥ ብትጠየቂም የምትመልሺው ነው። በዚህ ኤክስፐርት አይኮንም። «ማዘጋጃ ቤት ምን ኤክስፐርት ያስፈልገዋል» ያለው ላይ ግን ስቷል፣ ያውም ክፉኛ።

ለምን እንደሆነ ከእናንተው ሰፈር ምሳሌ ልውሰድ። ኮብልስቶን አስቢ። ነዋሪው ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ቤት ለቤት እየተዞረ ይዋጣል፣ ከተማው የራሱን ድርሻ ይጨምራል፣ ወጣቶች ይደራጃሉ፣ ድንጋዩ ይነጠፋል። ይመረቃል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ብዙም ሳይቆይ ለውሃ መስመር ብሎ አንዱ መጥቶ ይቆፍረዋል፤ ድንጋዩን ዳር ላይ ይከምርና ቧንቧውን ቀብሮ፣ አፈሩን ደፍቶ፣ ድንጋዩን እንደተከመረ ትቶ ይሄዳል። ግማሹን ድንጋይ ሰው ለአጥሩ ይወስደዋል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ይሰፋና ባጃጁ «ከዚህ በላይ አልገባም» ይልሻል። እንግዲህ ያንን ለመጠገን ብር ያለው ማን ነው? ወረዳው? መንገዶች ባለሥልጣን? ውሃና ፍሳሽ? ነዋሪው ድጋሚ ያዋጣ? ሲነጠፍ ከካፒታል በጀት ነበር፤ ጥገናው ግን በየዓመቱ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር ነው፣ ሲነጠፍ ደግሞ ይሄን ያሰበ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ያ ክፍሉ ውስጥ ያልነበረው ሰው ነው የከተማ ፋይናንስ ባለሙያ የሚባለው። የትኛው መንገድ መቼ ተነጠፈ፣ በስንት ተነጠፈ፣ በዓመት ምን ያህል ጥገና ይፈልጋል፣ የሚቆፍረው መሥሪያ ቤት ሳይቆፍር በፊት ምን ያስይዛል፣ ይሄ ሁሉ መዝገብ ላይ ሰፍሮ በጀት ሲዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት። የሚያቀርበው ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በየክረምቱ በጫማሽ ታይዋለሽ።

ሌላው መሬት ነው። ከተሞቻችን ለብዙ ዓመት ካፒታል ሥራቸውን በሊዝ ገንዘብ ሲገፉ ኖረዋል። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004 ማለቴ ነው፣ የመኖሪያ ቤት ቦታ የሚሰጠው ለ99 ዓመት ነው። የሊዙ ክፍያ ተከፋፍሎም ቢሆን አንድ ቀን ያልቃል። እዚያ ቦታ ላይ የሚኖረው ቤተሰብ ግን ቆሻሻ የሚያነሳለት፣ የመንገድ መብራት፣ ትምህርት ቤት፣ የጎርፍ ማስወገጃ በየዓመቱ ይፈልጋል፤ አዲስ የሚሰጥ መሬት ደግሞ እያለቀ ነው የሚሄደው። እና ዓመት ዓመት የሚመጣ ገቢ የግድ ነው። እሱም የንብረት ታክስ ነው።

የጣራና ግድግዳ ግብር የምንለው ሥሩ የደርግ ዘመን አዋጅ ነው፣ ቁጥር 80/1968። አዲስ አበባ በ2015 ግምቱን ስታሻሽል የተነሳውን ጫጫታ ታስታውሺዋለሽ፤ ታክሲ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከዚያ የፌዴራሉ የንብረት ታክስ አዋጅ ጥር 2017 ላይ በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ማጽደቁ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ቤቱን የሚገምተው ማን ነው? በምን መረጃ? በአንድ ግቢ ሦስት ወንድማማቾች የሚኖሩበት ውርስ ቤት እንዴት ይታያል? በደህናው ጊዜ ትልቅ ቤት ሠርተው ዛሬ በጡረታ ብቻ የሚኖሩ እናት አሉ፤ ለእሳቸው ምን ይደረጋል? ቅሬታ የሚሰማው አካል ከገቢ ሰብሳቢው የተለየ ነው ወይስ ያው ሰውዬ ኮፍያ ቀይሮ? እነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው የሰው ሥራ ናቸው። ገማች ይፈልጋሉ፣ የይዞታ ምዝገባውን ዳታ ከግብር ፋይሉ ጋር የሚያገናኝ ሰው ይፈልጋሉ፣ «ተመኑን በዚህ ያህል ብናደርገው ይሄን ያህል ሰው መክፈል ያቅተዋል» ብሎ አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ይፈልጋሉ። የመጨረሻውን በሻማ ነው የምትፈልጊው። ፐብሊክ ፖሊሲ የምትዪውም እዚሁ ጋ ይመጣል። የፖሊሲ ሰው ማለት በየስብሰባው «አቅጣጫ» የሚያስቀምጥ ማለት እንዳይመስልሽ።

ስለዚህ ሙያው አለ፣ ያሳድጋልም። መሰላሉ ግን እንደ ባንኩ ተሠርቶ አይጠብቅሽም፣ ጎን ለጎን እየተዘለለ ነው የሚወጣው። ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ፋይናንስ ቢሮ፣ ገቢዎች ቢሮ ወይም ፕላንና ልማት ቢሮ። አንዳንዱ ወደ ኦዲት ይሻገራል፣ ሌላው ከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ወይ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባል። ምርምር የሚወድ ደግሞ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን ወይም ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስን የመሰለ ቦታ ያያል፤ እዚያ ግን ማስተርስ ለመግቢያ ነው፣ ቦታውም ጥቂት ነው።

ፕሮጀክትም አለ። በ2010 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም 117 ከተሞችን ይዞ ነበር። ከተሞቹ በየዓመቱ ይመዘኑ ነበር፣ ገንዘቡንም ያገኙ የነበረው በውጤታቸው ልክ ነው፤ የሚመዘኑባቸው ነገሮች ውስጥ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የገቢ ማሳደጊያ ዕቅድና የሀብት አስተዳደር ዕቅድ ነበሩበት። እነዚህን ሰነዶች በእጁ የሠራ ሰው ዋጋ አለው። «ተሳትፌያለሁ» የሚል ሞልቷል፤ ኤክሴሉን ከፍተሽ «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ስትዪው የሚመልስልሽ ግን ጥቂት ነው። አማካሪ ድርጅቶች የሚፈልጉት ያንን ጥቂቱን ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ ግን እድሜው አጭር ነው። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በጥሩ ደመወዝ ይሠሩ የነበሩ ስንት ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ሲቪ ይዘው እንደወጡ አይተናል። ወደ ፕሮጀክት ስትሄጂ ውሉ ሲያልቅ የምትመለሺበትን እያወቅሽ ሂጂ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የምትኖሪበትን ቦታ እንደ ጉዳት የምታይው ይመስለኛል፤ ዳር ነኝ፣ ቢሮዎቹ መሀል ከተማ ናቸው፣ ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። ይገባኛል። ግን ቱሉ ዲምቱ ሆነሽ ገላን አፍንጫሽ ሥር ነው። ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 አንድ ላይ ሸገር ከተማ ሆነዋል። አዲስ ከተማ ማለት በየክፍለ ከተማው በጀት፣ ገቢ፣ ዕቅድ፣ ኦዲት ማለት ነው። የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ ትችያለሽ? የማትችይ ከሆነ ከማስተርሱ በፊት እሱን ተማሪ፣ ቀልድ አይደለም። ታክሲው፣ ቆሻሻው፣ ጎርፉ፣ ሥራ ፈላጊው የአስተዳደር ወሰን አይቶ አይቆምም፤ ሁለቱ ከተሞች ወደዱም ጠሉም አብረው የሚከፍሉት ነገር እየበዛ ነው የሚሄደው። በሁለቱም ቋንቋ የበጀት ሰነድ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ስትሆኚ አንቺን መተካት ይከብዳቸዋል።

ባንኩስ? ባንክን አልንቅም። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደመወዝ ሲያሻሽል የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ነው የገባው፤ ያንን ይዞ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ጠይቆ ያየ ሰው ለምን ባንክ ባንክ እንደሚባል ያውቃል። አንቺ እህትሽ ጋ ስለሆንሽ ትንሽ ትንፋሽ አለሽ። ስለዚህ የአክስትሽን ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ ቦታው የቱ ጋ ነው? ካውንተር ላይ ብር መቁጠር ከሆነ ቫውቸሩን ትተሽ ሌላ ቫውቸር ነው የምትይዢው፣ ትርፉ የደመወዙ ልዩነት ብቻ ነው። የብድር ትንተና ክፍል ከሆነ ግን ሳታመነቺ ሂጂ። እዚያ የአንድን ድርጅት ገቢና ዕዳ አይቶ «ይከፍላል፣ አይከፍልም» ማለት ትማሪያለሽ፣ ይሄ ደግሞ ከተማ ፋይናንስ ውስጥ በጣም የጎደለ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ተከፍቷል፤ አንድ ቀን አንድ ከተማ ወይም የከተማ ውሃ አገልግሎት ቦንድ ልሽጥ ብሎ ሲነሳ በሁለቱም ወገን የሠራ ሰው ይፈለጋል። ቀኑን አልነግርሽም። እንደ ጉርሻ ያዢው።

የኔ ምርጫ ምንድነው ካልሽኝ፣ ብድር ክፍል ካልሆነ እዚያው ቆዪና ወንበርሽን ቀይሪ እልሻለሁ። ከክፍያ ወደ በጀት ዝግጅት ክፍል ዝውውር ጠይቂ። ባዶ እጅሽን ግን አትጠይቂ። የበጀት ጥሪው ሳይመጣ፣ ከየካቲት በፊት፣ እንዲህ አድርጊ። የወረዳሽን የሦስት ዓመት ሂሳብ የመንግሥት በጀትና ሂሳብ ከሚመዘገብበት ሶፍትዌር፣ ከአይቤክስ፣ አውጪ፤ ኢፍሚስ ወደሚባለው ሲስተም ከገባችሁም ከእሱ። ለእያንዳንዱ የሂሳብ መደብ አራት ዓምድ ሥሪ፦ የጸደቀ፣ በዝውውር የተስተካከለ፣ ሥራ ላይ የዋለ፣ ፈሰስ የሆነ (ሳይወጣ ቀርቶ ተመላሽ የተደረገ)። ከዚያ ዝም ብለሽ ተመልከቺው። በየዓመቱ የሚጠየቅ፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ ታገኚያለሽ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሚያልቅና ከሌላ መደብ የሚለመንለትም ታገኚያለሽ። ሰኔ ላይ በድንገት ወንበርና ፕሪንተር የሚገዛበትን መደብ እንኳን ሳታዪው ታውቂዋለሽ። ይሄን በሁለት ገጽ ጻፊው፣ በአማርኛ፣ ቢሮክራሲ ሳይበዛበት። «ይህ መደብ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠናቀቀም፣ ግማሹ ለጥገና ቢዛወር» አይነት ዓረፍተ ነገር። ለኃላፊሽ ስጪው፣ እሱ ለክፍለ ከተማ የበጀት ውይይት ይዞት ይሂድ፣ ስምሽን ባይጠራም ግድ የለም። በሚቀጥለው ዓመት «ያቺ ልጅ ትምጣ» ይባላል። ቢሮ ውስጥ ሰው እንዲህ ነው ወንበር የሚቀይረው፤ ሌላውም መንገድ አለ፣ እሱን ግን እኔ አልመክርሽም።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር። በዚህ ሙያ ያስለፋሽው ዕቅድ በአንድ ስልክ ይገለበጣል። ጥገና ያልሽው ለአጥር ቀለም ይውላል። ትናደጃለሽ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቁጥር ይዘሽ ትመጫለሽ። ይሄን የማይችል ሆድ ካለሽ ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ሰኔ ላይ ደግሞ «ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ እኔ አለሁ» የሚልሽ አይጠፋም። አትፈርሚ። ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒውን ያዢ። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ፊርማሽን ነው፣ «እኔ አለሁ» ያለው ሰውዬ ያኔ ሌላ ክፍለ ከተማ ተሹሞ ነው የሚገኘው።

ማስተርሱን ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ጀምሪው፣ በጀት ክፍል ከገባሽ ወዲህ። ያኔ ክፍል ውስጥ ስትቀመጪ መምህሩ የሚለው ነገር ፊት ይኖረዋል፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽም የራስሽ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ይሆናል። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ሲኤምሲ ነው፣ በጎሮ በኩል ይገባልሻል፤ ስሙ እንደሚለው የመንግሥት ሠራተኛን ለማሠልጠን የተቋቋመ ስለሆነ ክፍል ውስጥ የምታገኚያቸው ከየክልሉ የመጡ የፋይናንስና የከተማ ሰዎች ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከትምህርቱ እኩል የሚጠቅምሽ እሱ ትውውቅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አለ። የትም ብትሄጂ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው፣ ጋት የሚሉት፣ ይጠብቅሻል፤ ሒሳብሽን አድሺ። መሥሪያ ቤትሽ ከፍሎልሽ የምትማሪ ከሆነ የአገልግሎት ግዴታ ውሉን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ስንት ዓመት እንደሚያስርሽና ከለቀቅሽ ምን እንደምትመልሺ። ከፋይናንስና ከፖሊሲ አንዱን ምረጪ ካሉሽ ፋይናንሱን ያዢ። ፋይናንስ የገባው ሰው ፖሊሲ በንባብ ይጨምራል፤ ተቃራኒው ሲሆን ብዙም አላየሁም። ኤሲሲኤ፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ፣ ያዢ የሚሉሽም ይኖራሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ወደ ኦዲትና ወደ ድርጅት ሂሳብ ነው የሚወስድሽ፣ ወጪውም ቀላል አይደለም።

«ልምድሽ አግባብነት የለውም» ያሉሽን በተመለከተ፣ የልምድ ደብዳቤሽን ሄደሽ ተመልከቺው። ብዙ ጊዜ የሚጽፉት «በሂሳብ ሠራተኝነት አገልግላለች» ብለው ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ ከዚያ በላይ የመገመት ግዴታ የለበትም። የሥራ መደብሽ መጠሪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝሽ፣ ደረጃሽ ተለይቶ ይጻፍ። በውክልና የሠራሽው ካለ፣ ለምሳሌ የበጀት ባለሙያው ሲወጣ ተክተሽው ከነበረ፣ የውክልና ደብዳቤውን ፈልጊና ከእሱ ጋር አያይዢው፤ በቃል «ሸፍኚለት» ተብለሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከእንግዲህ ያለ ደብዳቤ አትሸፍኚ። የሰው ኃይል ክፍሉ «ፎርማቱ ይሄ ነው» ካለሽ የተወዳደርሽበትን የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ኮፒ ይዘሽ ተመለሺና የሚጠይቀውን መስመር በጣትሽ አሳዪያቸው።